አሮጌ ፎር ዊል ለፒስታ መንገድ፦ የቱን መጠገን፣ የቱን መቀየር፣ የቱን መተው

ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር ማስገባት ተከልክሏል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅም ያገለገለ መኪና ማስመጣትን የማይቀመስ አድርጎት ነበር። ስለዚህ ቅዳሜ ማለዳ ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ እስከ ሱባ ጫካ፣ እስከ የረር ተራራ ወይም እስከ ሙገር አፋፍ መንዳት የሚያምረው ሰው ምርጫው እዚሁ አገር ውስጥ ያለ አሮጌ ፎር ዊል ነው፦ ከመሥሪያ ቤት በጨረታ የወጣ ላንድክሩዘር፣ ከአባት የተወረሰ ላንድሮቨር፣ ወይም ግቢ ጥግ ቆሞ ሣር የበቀለበት ኒቫ።

ግራ መጋባቱ የሚመጣው መኪናው ከተገኘ በኋላ ነው። አንዱ «መጀመሪያ ከፍ አድርገው» ይላል፤ ሌላው «ተርቦ አስገባበት» ይላል፤ ሦስተኛው ዊንች (የሰመጠ መኪናን በገመድ ስቦ የሚያወጣ መሣሪያ) የሌለው መኪና መኪና አይደለም ባይ ነው። በስልክ የምናያቸው ቪዲዮዎች ደግሞ አብዛኞቹ የአውስትራሊያን አሸዋና የአሜሪካን ቋጥኝ የሚያሳዩ ናቸው። የኛ ፈተና ሌላ ነው፤ ከፍታና ዋልካ አፈር። ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር በነዚህ በሁለቱ ላይ የቆመ ነው። አቋሜንም አልደብቅም፦ ገንዘባችሁ መጀመሪያ ጥገና ላይ፣ ቀጥሎ ጎማ ላይ ይዋል። ከዚያ ወዲያ ያለው አብዛኛው ነገር ባይኖርም ይኬዳል።

መሬቱ ሦስት ዓይነት ነው

የመጀመሪያው ተራራው ነው፤ የእንጦጦ ጀርባ፣ ወጨጫና በጎኑ ያለው የመናገሻ ሱባ ጫካ፣ በምሥራቅ ደግሞ የረር። ቀይ አፈር፣ ድንጋይ፣ የባሕር ዛፍ ሥርና ዳገት። ከፍታው 3,000 ሜትር ድረስና ከዚያም በላይ ይሄዳል። ዝናብ ቢዘንብበትም ውሃው ቶሎ ስለሚወርድ ከሰዓታት በኋላ ይነዳል።

ሁለተኛው ሜዳው ነው፤ ሱሉልታ፣ ከሰበታ አልፎ ያለው በቾ፣ ከአቃቂ እስከ ዱከም ያለው ጥቁር መሬት። በበጋ ተሰነጣጥቆ እንደ ሲሚንቶ የሚጠነክረው ዋልካ በክረምት ጎማው ላይ እየተጠመጠመ ጥርሱን ሁሉ ይደፍነዋል። ሦስተኛው አፋፉ ነው፤ ከጫንጮ ወደ ደርባና ሙገር፣ ወይም ወደ ጀማ ሸለቆ ሲኬድ የሚያጋጥመው ስለታም ድንጋይና ረጅም ቁልቁለት።

የምትነዱት በአብዛኛው የትኛው ላይ ነው? መልሱ የምታወጡትን ገንዘብ ግማሹን ይወስናል። ለተራራው ኃይልና የሞተር ቅዝቃዜ፣ ለሜዳው ጎማና አካፋ፣ ለአፋፉ ፍሬን። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሜዳውን ለገበሬው ተዉለት። በእርሻ ዳር መንገድ ላይ የሚቀረው የጎማ ቦይ ውሃ ተከትሎት ይሄድና በሚቀጥለው ዓመት ፈፋ ይሆናል። ገበሬው ሲቆጣ እውነቱን ነው።

የትኛው መኪና?

ላንድክሩዘር 70 ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠራ ነው። እዚህ በብዛት የምናየው ግን ከ1990 እ.ኤ.አ. በኋላ የመጣው ባለ 4.2 ሊትሩ 1ኤችዜድ ሞተር ያለው ነው፤ ፒካፕም ሆነ ሃርድቶፕ። እስከ 1999 እ.ኤ.አ. የተሠሩት ከፊትም ከኋላም ባላስትራ (የተደራረበ የብረት ቅጠል) ናቸው፤ ከዚያ በኋላ የመጡት ከፊት ሞላ (ጥቅል ስፕሪንግ) አላቸው። ትልቁ ጥቅሙ አይሰበርም መባሉ አይደለም፤ ይሰበራል። ጥቅሙ ሲሰበር ዕቃው ሶማሌ ተራ መገኘቱ፣ የሚፈታው መካኒክም በየወረዳው ከተማ መኖሩ ነው። ጉዳቱ ዋጋው። ለሽያጭ የሚቀርበው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜውን ሙሉ ፕሮጀክት ላይ ሲንገላታ የኖረ ስለሆነ ቀለሙን ሳይሆን ሻንሲውን እዩ። በተለይ የኋላ ባላስትራ የሚታሠርበት ቦታና የመሪው ሳጥን የተቀመጠበት የሻንሲ ጎን የብየዳ ጠባሳ ካለው ዋጋው ላይ መከራከሪያ ነው፤ ስንጥቅ ከሆነ ግን ትታችሁት ሂዱ።

ላንድሮቨር ላይ ሁለት ዓይነት ሰው አለ፤ የሚወደውና የሸጠው። አካሉ አሉሚኒየም ስለሆነ አይዝግም፤ የሚዝገው ከሥር ያለው የብረት ሻንሲ ነው። ዲፌንደር የሚለው ስም የመጣው በ1990 እ.ኤ.አ. ሲሆን ምርቱ የቆመው በ2016 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ነው። አራቱም ጎማ ሁልጊዜ ስለሚነዳ፣ ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚያካፍለው የመሐል ዲፈረንሺያልም ስለሚቆለፍ፣ ሞላውም ረጅምና ለስላሳ ስለሆነ፣ እንዳለ ከጋራዥ ወጥቶ ድንጋይ ላይ ከባላስትራው ላንድክሩዘር ይሻላል፤ ይህንን የላንድክሩዘር ሰዎች ባይወዱትም እውነት ነው። 200ቲዲአይና 300ቲዲአይ የሚባሉት ሞተሮቹ አየር ገፍቶ የሚያስገባ ተርቦ ስላላቸው የአዲስ አበባ ከፍታ ብዙም አያስጨንቃቸውም። የድሮው ሲሪስ ግን ሌላ ታሪክ ነው፤ ደካማ ሞተር፣ አራቱም ድራም ፍሬን፣ ጎማውን የሚያዞረው የኋላ ሴሚያሴም በመሰበር የታወቀ ነው። ላንድሮቨር የምትይዙ ከሆነ መጀመሪያ መካኒኩን አግኙ፣ ቀጥሎ መኪናውን።

ኒቫ የሚናቅ መኪና ነው፣ ያለ አግባብ። ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠራው ይህ ትንሽ መኪና አራቱንም ጎማ ሁልጊዜ ይነዳል፣ የመሐል ዲፈረንሺያሉ ይቆለፋል፣ ሎው ማርሽ አለው፣ ክብደቱ ደግሞ የላንድክሩዘሩ ግማሽ ገደማ ነው። ጭቃ ላይ ቀላል መሆን ከማንኛውም ዕቃ ይበልጣል። አዲስ አበባ ላይ ሌላም ጥቅም አለው፤ ሰማያዊና ነጭ የላዳ ታክሲዎችን ሲጠግኑ ያረጁ መካኒኮች 1.6 ሊትሩን ሞተር ዓይናቸውን ጨፍነው ይፈቱታል፣ የቤተሰቡ ሞተር ነውና። ድካሙ ካርቡራተሩ ለዚህ ከፍታ ብዙ ቤንዚን መስጠቱ ነው፤ ሻማው ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚኑን የሚለካውን ጂግለር በትንሽ ቁጥር ማስቀየር ርካሽ መፍትሔ ነው። ኒቫን ብዙ ከፍ ማድረግ ግን አይሞከርም። የፊት እግሩ ባላስትራም ድፍን አክስልም የሌለው ስለሆነ ከፍ ሲል የሴሚያሴው መገጣጠሚያ ጎብጦ ይሠራል፣ ቶሎም ይበላል።

አሮጌው ሱዙኪ ቪታራ ከኒቫ የበለጠ ምቹ ነው፣ ሎው ማርሽም አለው፤ ለሱባና ለእንጦጦ ጀርባ ከበቂ በላይ ነው። የፊት ዲፈረንሺያሉ ግን ለድንጋይ የተሠራ አይደለም። ዋዝ የሚወዱ ሰዎችም አሉ። ጠንካራነቱን አልክድም፤ የቤንዚን ወጪውን ግን ለሚችል ብቻ።

ሞተር፦ መክፈት፣ መቀየር ወይስ ተርቦ?

አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ወለሉ ሩብ ያህል ያንሳል፤ ወጨጫ ላይ ሲወጣ ሲሶ ሊደርስ ምንም አይቀረውም። ተርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ፋብሪካው 130 ገደማ የፈረስ ጉልበት አለው የሚለው 1ኤችዜድ እዚህ የሚሰጠው መቶ ገደማ ነው። ስለዚህ «ሞተሩ ሞቷል» ከማለት በፊት ያልሞተ ሞተር እዚህ ምን ያህል እንደሚጎትት ማወቅ ያስፈልጋል።

ጭሱን እዩ። ጥቁር ጭስ ናፍጣ በዝቶ አየር ማነሱን ይናገራል፤ መጀመሪያ የአየር ፊልትሩን፣ ቀጥሎ ናፍጣ የሚረጩትን ኖዝሎች፣ ከዚያ የፓምፑን ልኬት አስመርምሩ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት መቃጠሉን ነው። ጠዋት ብቻ ታይቶ የሚጠፋ ነጭ ጭስ የካንዴሌታ (የማሞቂያ ሻማ) ወይም የኖዝል ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ ሞቆም የማይጠፋ ነጭ ጭስ ከራዲያተር ውሃ መቀነስ ጋር ከመጣ ግን የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነው። ከዚያ ሞተሩ ሞቆ ሚኒሞ ላይ እያለ የዘይት መሙያውን ክዳን ገልብጣችሁ አፉ ላይ አስቀምጡት። በትንሹ ቢንቀጠቀጥ ደህና ነው፤ እየዘለለ ከወደቀ የፒስተን ፋሻው አልቋል፣ ኮምፕሬሽን ይለካ።

ለመክፈት ከወሰናችሁ ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር እንደተስማማ ይቀራል፣ ውስጡ ምን እንደገባበትም ታውቃላችሁ። የሥራው ጥራት የሚወሰነው በመካኒኩ ብቻ ሳይሆን በቶርኖ ቤቱ ነው። ሲሊንደሩ በምን ያህል እንደተፋቀ፣ ቴስታታው ቀጥ ማለቱ በምን እንደተለካ ጠይቁ፤ ወረቀት ላይ ጽፎ የማይሰጥ ቶርኖ ቤት ይቅርባችሁ። 1ኤችዜድ ላይ ታይሚንግ ቺንጋውም አብሮ ይቀየር፤ በ100,000 ኪሎ ሜትር የሚቀየር ነገር ነው፣ ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይገናኛሉ። የድሮዎቹ የ40 ሲሪስ ላንድክሩዘሮች ቢ እና 2ኤች ሞተሮች ያለ ቺንጋ በጥርስ ስለሚሠሩ ይህ ስጋት የለባቸውም።

ያገለገለ ሞተር መግዛት ፈጣኑ መንገድ ነው። ሲገዛ ግን ቀዝቃዛ ሆኖ ሲነሳ መስማት ግድ ነው፤ እናንተ ከመድረሳችሁ በፊት ሞቆ የጠበቃችሁ ሞተር አንድ ነገር ተደብቆበታል ብላችሁ አስቡ። ሌላ ዓይነት ሞተር የምታስገቡ ከሆነ ደግሞ የሞተር መቀመጫው፣ የካምቢዮው መጋጠሚያ፣ የራዲያተሩ መጠንና ወረቀቱ ተደምረው ርካሽ የተባለው ነገር ውድ ይሆናል።

ተርቦ መጨመር ለዚህ ከፍታ ከሁሉም የሚመች መፍትሔ ይመስላል፤ በመርህ ደረጃም ነው፣ ከፍታው የቀማውን አየር ይመልሳል። ጣጣው 1ኤችዜድ ያለ ተርቦ እንዲሠራ የተነደፈ፣ ኮምፕሬሽኑም ከፍተኛ የሆነ ሞተር መሆኑ ነው። መጠነኛ ግፊት፣ በልክ የተስተካከለ ፓምፕና የጭስ ሙቀት መለኪያ ካለው ይቻላል። መለኪያ ሳይገጠምለት «ፓምፑን ትንሽ ከፈት አድርግለት» የተባለ ሞተር የእንጦጦን ዳገት በጉራ ይወጣና ፒስተኑን ያቀልጣል። ለመለኪያው የሚሆን ገንዘብ ከሌለ ለተርቦውም የለም ማለት ነው።

ተጨማሪ ዕቃ ከመገጠሙ በፊት የሚጠገነው

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም ሰው የሚዘለው ይህንን ነው።

የራዲያተር ክዳን። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፣ ወጨጫ ላይ ደግሞ 90 ገደማ። ሞተሩ በጤናው የሚሠራበት ሙቀት ከዚያ ብዙም አይርቅም። የሚያድነው ክዳኑ ነው፤ 0.9 ባር የሚይዝ ጤነኛ ክዳን እዚሁ ከፍታ ላይ የመፍሊያ ነጥቡን ወደ 114 ዲግሪ ያወጣዋል። ጎማው የደረቀ ክዳን ግፊት አይይዝም፣ ስለዚህ ውሃው ዳገት መሐል ይፈላል፤ ባለመኪናውም ራዲያተር ያስጠርባል፣ ፖምፓ ያስቀይራል፣ ቴስታታ ያስወርዳል። ክዳኑን አስቀድሙ። የተጣራ ውሃና ኩላንት ተጠቀሙ እንጂ የጅረት ውሃ ለጭንቅ ጊዜ ይቀመጥ።

የፊት እግር። ላንድክሩዘርም ላንድሮቨርም ከፊት ጎማው ጀርባ ኳስ የሚመስል ክፍል አላቸው፣ በውስጡ የሴሚያሴው መታጠፊያ በግራሶ ተሞልቶ ይቀመጣል። ጎንበስ ብላችሁ በባትሪ እዩት። ኳሱ ላይ ስስ የግራሶ ቅባት ካለ ጤና ነው። ጥቁር ሾርባ የመሰለ ነገር ወደ ጎማው ውስጠኛ ጎን እየተንጠባጠበ ከሆነ የውስጥ ኦይል ሲሉ ተበልቶ የዲፈረንሺያሉ ዘይት ከግራሶው ጋር ተቀላቅሏል። ቀጥሎ በክሪክ አንሱትና ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ነቅንቁት። ክፍተት ካለ ሌላ ሰው ፍሬን ይርገጥ። ፍሬን ተረግጦ ክፍተቱ ከጠፋ የጎማው ኩሽኔታ ነው፣ ማጥበቅ ሊበቃው ይችላል። ፍሬን ተረግጦም ከነቀነቀ የኳሱ የላይና የታች ኩሽኔታዎች ናቸው፤ አስፋልት ላይ መሪው ድንገት መንዘፍዘፍ የሚጀምረውም ብዙ ጊዜ ከዚሁ ነው። ሁለቱን ሳይለይ «ሙሉ ይቀየር» የሚል መካኒክ ቸኩሏል።

መተንፈሻ ቱቦ። ዲፈረንሺያል ሲነዳ ይሞቃል። ሞቆ ወንዝ ውስጥ ሲገባ በድንገት ይቀዘቅዝና ውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፤ የተዘጋ መተንፈሻ ካለው በአሮጌው ሲል በኩል ውሃ ይስባል። ከጉዞ መልስ የማፍሰሻውን ቡሎን ላላ ስታደርጉ ወተት የመሰለ ዘይት ከወጣ ሆኗል ማለት ነው። መፍትሔው ሁለት ሜትር የናፍጣ ጎማ ቱቦ፣ ሁለት ማሰሪያና ከኮፈኑ ሥር ከፍ ያለ ቦታ ብቻ ነው። አየር ከጣሪያው ከፍታ የሚስበውን ስኖርክል ከማስገጠም በፊት ይህ ይሠራ። ስኖርክል ለኛ የሚጠቅመው ከወንዙ ይልቅ ለበጋው አቧራ ነው፤ እሱም መገጣጠሚያው ሁሉ ከታሸገ። ካልታሸገ ጌጥ ነው።

ፍሬን ላይ ብዙ ማለት አያሻም፤ ወደ ሙገርና ወደ ጀማ ለሚወርድ ሰው መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው። የፊት ድራም ያለው የ40 ሲሪስ ላንድክሩዘር ካላችሁ ከ60 ሲሪስ የፊት ዲስክ ማምጣት የታወቀ ሥራ ነው፣ ከማንኛውም ማሳመሪያ የሚቀድም።

ባላስትራ፦ ማስቀጥቀጥ፣ ቅጠል መጨመር ወይስ ሙሉ መቀየር?

የወደቀ ባላስትራ ያለው መኪና ሦስት መንገድ አለው። ባላስትራ ቤት ወስዶ ቅጠሎቹን እንደገና ማጎበጥ ከሁሉም ይረክሳል፤ ለጥቂት ወራት ቀና ይልና ተመልሶ ይወርዳል፣ በተለይ ብረቱ በአግባቡ ሳይሞቅና ሳይነከር በመዶሻ ብቻ ከተቀጠቀጠ። ሁለተኛው ከአይሱዙ የወጣ ወፍራም ቅጠል መጨመር ነው። ጭነት ለሚጭን ፒካፕ ይሆናል፤ ለባዶ መኪና ግን በጣም ይደርቃል። የደረቀ ባላስትራ አይታጠፍም፣ ስለዚህ መኪናው ቦይ በሰያፍ ሲሻገር አንዱ ጎማ አየር ላይ ይቀራል፤ አየር ላይ ያለው ጎማ በባዶ ይሽከረከራል፣ መኪናውም ይቆማል። ከፍ ብሎ የቆመ መኪና ደካማ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ሦስተኛው ስስና ብዙ ቅጠል ያለው አዲስ ባላስትራ ከሾክ አብዞርበሩ ጋር ማስገባት ነው፤ ውድ ነው፣ ዕቃውም እንደልብ አይገኝም።

እኔ ብጠየቅ፣ መኪናው ባዶውን ለሽርሽር የሚነዳ ከሆነ ከጤነኛ መኪና የወጣ የፋብሪካ ባላስትራ ፈልጉ፣ ጎሚኒውንና የመሐል ቡሎኑን አዲስ አድርጉ፣ ጥሩ ሾክ አብዞርበር ግዙ፣ በዚያ ይብቃ። ከፍታ መጨመር ግድ ከሆነ 5 ሴንቲ ሜትር ላይ ቁሙ። ከዚያ በላይ ሲሆን የፍሬን ቱቦው ያጥራል፣ የካርዳኑ ማዕዘን ይበላሻል፣ የፊት አክስሉ ዘንበል ማለቱ ስለሚቀየር መሪው አስፋልት ላይ ይቅበዘበዛል። ከአምቦ ወይም ከጎጃም በር ሲመለሱ ከጭነት መኪና ጋር በተላለፉ ቁጥር መሪ መታገል አድካሚ ብቻ ሳይሆን አደገኛ ነው። ባላስትራ ቤቱ ሥራውን ሲጨርስ ዩ ቦልቶቹ በአሮጌ ዳዶ እንዳይታሠሩ ቆማችሁ እዩ፣ መኪናው ጥቂት ከተነዳ በኋላም እንደገና ይጠበቁ።

ጎማ

ለአሮጌው ላንድክሩዘር ዋናው ምርጫ በሦስት ይከፈላል፦ ቀጭኑ 7.50 በ16 ከነካላማዳሪያው፣ ያንኑ ቁመት የያዘው 235/85 ቲዩብለስ፣ ወይም ሰፊውና ትልቁ ባለ 35 ኢንች።

ባለ 35 ኢንቹ መልክ አለው፣ ይህንን ማንም አይክድም። ሂሳቡ ግን እንዲህ ነው። ከመደበኛው በ10 በመቶ ገደማ ይረዝማል፤ ስለዚህ 4.11 የሆነው የዲፈረንሺያሉ የጥርስ ምጣኔ 3.73 እንደሆነ ያህል ይከብዳል። ከፍታው አስቀድሞ ሩብ ጉልበት ወስዷል፣ አሁን ጎማው ደግሞ ከቀረው ላይ ይቀንሳል። ሁለተኛ ማርሽ ይወጣ የነበረው ዳገት አንደኛ ይፈልጋል፣ ፍሪሲዮን ይሸታል፣ ኪሎ ሜትር ቆጣሪውም ከእውነቱ ያነሰ ያሳያል። ተርቦ ለሌለው ሞተር አልመክርም።

ቀጭኑ ጎማ ላይ ያለው ክርክር የአፈር ክርክር ነው። ከላይ ጭቃ ሆኖ ከሥር ጠንካራ ከሆነ፣ የተራራው መንገድ ማለት ነው፣ ቀጭን ጎማ ጭቃውን ቆርጦ ጠንካራው ላይ ያርፋል። በቾ ላይ እንዳለው ሥር የሌለው ዋልካ ከሆነ ቀጭኑ እየቆረጠ ይሰምጣል፣ ሰፊው ደግሞ ጥርሱ ተደፍኖ እንደ ሳሙና ይንሸራተታል። ለዚያ መሬት ትክክለኛው ጎማ ጥቅምት ነው።

ካላማዳሪያ ወይስ ቲዩብለስ? ካላማዳሪያ ያለው ጎማ በየትኛውም የገጠር ከተማ ያለ ጎሚስታ በሌባ (የጎማ መፈልቀቂያ ብረት) እና በመዶሻ ፈትቶ ይለጥፍላችኋል። ነገር ግን አየሩን ብዙ መቀነስ አይቻልም፤ ከ25 ፒኤስአይ በታች ሲወርድ ኮፐርቶኑ ቸርኬው ላይ ይዞርና የካላማዳሪያውን ቫልቭ ይቆርጠዋል። ቲዩብለስ እስከ 18 ድረስ ያለ ብዙ ስጋት ይወርዳል፤ የጎማው ዱካ ረዝሞ ድንጋዩን ይይዛል፣ ጉዞውም ይለሰልሳል። ሚስማር ቢወጋው ሳይፈታ በተለጣፊ ክር ይደፈናል። ጎኑ በስለታም ድንጋይ ከተቀደደ ግን ክር አያድነውም፤ ስለዚህ ወደ አፋፉ ስትሄዱ አንድ ካላማዳሪያ ለክፉ ቀን ያዙ። ባለ ቀለበት ቸርኬ ያላችሁ ደግሞ ስትነፉ ፊት ለፊቱ አትቁሙ፣ ልጆችንም አርቁ፤ ያ ቀለበት ሲዘል ሰው ይገድላል።

የጥርሱን ነገር በአጭሩ፦ ከሳምንቱ አምስት ቀን አስፋልት ላይ ለሚውል መኪና ለአስፋልትም ለጭቃም የሚሆነው መሐለኛው ጥርስ ይበቃል። ትልልቁ የጭቃ ጥርስ እርጥብ አስፋልት ላይ ሲቆም ይንሸራተታል፣ ድምፁም ያሰለቻል። አነስተኛ የአየር መንፊያ ግን ግዙ፤ አየር መቀነስ የሚጠቅመው መልሶ መንፋት ሲቻል ነው።

ዊንች፣ ሎከር ወይስ አካፋ?

ዊንች የሚጎትተው አንድ ነገር ላይ ታስሮ ነው። እንጦጦና ሱባ ዛፍ አለ፤ ሱሉልታና በቾ ሜዳ ላይ ስትሰምጡ ግን በዓይን የሚታየው ላምና የሣር ክምር ነው። ትርፍ ጎማ ቀብሮ ማሰር ይቻላል፣ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ከዚያም ዊንቹ ከነፓራውልቱ የፊት ባላስትራውን ያወርዳል፣ ጠንካራ ባትሪና ዲናሞም ይጠይቃል። ብቻውን ለሚሄድ ሰው በእጅ የሚሠራው ቲርፎር ይሻለዋል፤ ቀርፋፋ ነው፣ ግን ወደ ኋላም ይጎትታል፤ የሰመጠ መኪና ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚወጣው በመጣበት ነው።

ሁለቱ የኋላ ጎማዎች እኩል እንዲዞሩ የሚቆልፈው የኋላ ሎከር ለተራራውና ለአፋፉ ከዊንች የበለጠ ዋጋ አለው፤ አንዳንድ ላንድክሩዘሮች ከፋብሪካው ይዘውት ስለመጡ ከመግዛታችሁ በፊት ዳሽቦርዱ ላይ ማብሪያውን ፈልጉ። ርካሽ ተብሎ ዲፈረንሺያልን መበየድ ግን ለከተማ መኪና አይሆንም፤ ጎማ ይበላል፣ ሴሚያሴ ይሰብራል፣ እርጥብ አስፋልት ላይ መኪናውን ያስታል።

ሁለቱንም ለማይችል፦ ረጅም እጀታ ያለው አካፋ፣ ሁለት የጎማ መርገጫ ሰሌዳ፣ ጥሩ ገመድና ሁለተኛ መኪና። ገመዱን ሻንሲው ላይ በተበየደ ወይም በቡሎን በታሠረ መንጠቆ ላይ እሠሩት። የተጎታች መጎተቻ ኳስ ላይ በፍጹም አይታሠርም፤ ሲሰበር እንደ ጥይት ይወረወራል፣ ሰውም ሞቶበታል። የፊት ጎማዎቹ መሐል ላይ ያለውን ፍሪዊል መቆለፍ ረስቶ «ፎር ዊሉ አይሠራም» የሚል ሰው በየጉዞው አይጠፋም፤ ከመጎተታችሁ በፊት እሱን እዩ።

ወረቀቱ

ሞተር ከተቀየረ፣ ቀለም ከተቀየረ ወይም አካሉ ከተለወጠ ሊብሬው ላይ መመዝገብ አለበት፤ ካልሆነ የዓመታዊ ምርመራ ቀን ቦሎ ከመለጠፍ ይልቅ ደጅ መጥናት ይሆናል። ሞተር የምትገዙበትን ደረሰኝና የጉምሩክ ወረቀት ሳትይዙ ከሱቁ አትውጡ፤ በኋላ ሲፈለግ አይገኝም። ከመኪናው የፊት መብራት በላይ የተሰቀሉ ትልልቅ መብራቶች ከተማ ውስጥ በክዳን ይሸፈኑ። ሱባ ስትሄዱ በር ላይ ከፍላችሁና አስፈቅዳችሁ ግቡ፣ በተፈቀደው መንገድም ብቻ ንዱ። እንጦጦ ላይ በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው ፓርክ ውስጥ ያሉት የእግርና የብስክሌት መንገዶች ለመኪና አይደሉም፣ ዞራችሁ በጀርባ ሂዱ። ወደ ማታውቁት ቀበሌ ስትወጡ ደግሞ መንገዱም ሰላሙም እንዴት እንደሆነ በዋዜማው እዚያ ላለ ሰው ደውላችሁ ጠይቁ።